ፕላስቲኩን «ዋስ ጥራ» በሉት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጥንት ገንዘብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ሥራዬ ፖስታ ቤት አካባቢ ስለሆነ ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉትን የጥንት ዕቃ ሱቆች በየቀኑ አያቸዋለሁ። ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን አንድ ደላላ በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ የታሸገ የምኒልክ ብር አሳየኝ። ከላይ ወረቀት አለው፤ የአንድ የውጭ ድርጅት ስም፣ «ኢትዮጵያ፣ 1 ብር፣ 1887፣ ኤምኤስ 65» የሚል ጽሑፍ፣ ባር ኮድና ቁጥር። 120 ሺህ ብር ነው የሚለኝ። ስጠራጠር «ፈረንጅ አይቶ የመሰከረለትን አንተ ምን ትጠራጠራለህ?» አለኝ። የድርጅቱን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። ያገኘሁት አድራሻ እንኳን የሌለው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? እንዲህ ስማቸው የማይታወቅ ድርጅቶችስ በምን ይለያሉ?
ከአራዳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀብድ እንዳትሰጥ። ሰጥተህም ከሆነ ዛሬውኑ ሄደህ በጽሑፍ አስፈርም።

ፎቶህ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያየሁት ወረቀቱን ሳይሆን ብሩን ነው። ስልኬ ላይ አጉልቼ ከንጉሡ ምስል ሥር ያለውን ዓመተ ምሕረት አነበብኩት። አንተም አሁን አጉልተህ እየው። ፲፰፻፹፱ ይላል። የመጨረሻዋ ፱ ናት፣ ዘጠኝ። ወረቀቱ ላይ ግን 1887 ተጽፏል። ፯ና ፱ እኔና አንተን አያምታቱንም፣ ቤተ ክህነት ደጃፍ የረገጠ ልጅም ይለያቸዋል፤ ግዕዝ ቁጥር ለማያውቅ ሰው ግን መንታ ናቸው። ስህተቷ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን የ1887ቱ ብር ከ1889ኙ በጣም ባነሰ ቁጥር ነው የተመታው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይራራቃል። ስለዚህ ደላላው የሚጠይቅህ የአንዱን ዋጋ ነው፣ የሚያስረክብህ ሌላውን። ድርጅቱ ሆን ብሎ ያድርገው ሳያውቅ ይሳሳት ለአንተ ኪስ ልዩነት የለውም። ዓመተ ምሕረቱን ማንበብ ያልቻለ ሰው «ደረጃው 65 ነው» ሲልህ በምን ዓይኑ አይቶ ነው?

ታዋቂዎቹ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች የእኛን ብር ሲያሽጉ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ከፊቱ ያደርጋሉ። ያንተ ወረቀት ላይ እሱም የለም። ይህችን አንድ ነገር ብቻ ብታይ እንኳን ለእምቢታ ትበቃህ ነበር። ግን የጠየቅኸኝ ስለ አንድ ብር ብቻ ስላልሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ይህ በቁጥር ደረጃ መስጠት የመጣው ከአሜሪካ ነው። ሼልደን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 የድሮ የመዳብ ሳንቲሞችን ለመመዘን ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። ኋላ ለሁሉም ዓይነት ሳንቲም ተወሰደ። ኤምኤስ የሚባለው እጅ ያልዞረ፣ ገበያ ያልወጣ ማለት ነው፣ ከ60 እስከ 70 ያለውን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1972 አናክስ የሚባለው ድርጅት ሳንቲም እውነተኛ መሆኑን እያየ ማረጋገጫ መስጠት ጀመረ። በ1986 ፒሲጂኤስ፣ በ1987 ደግሞ ኤንጂሲ መጡና ሳንቲሙን ፕላስቲክ ውስጥ አሽጎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ በስሙ ዋስትና መግባት የተለመደ ሥራ ሆነ። አይሲጂ የሚባል ሌላም አለ፣ እሱ በ1998 የተቋቋመ ነው። እነዚህን አራት ስሞች ያዝ። ሌሎችም በየአገሩ ሐቀኛ ሆነው የሚሠሩ አሉ፣ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አልፈልግም። ነገር ግን ባዶውን ፕላስቲክ ማንም ሰው በጅምላ ሊገዛው ይችላል። ወረቀቱን የሚያትም ማሽን ደግሞ እዚሁ ፒያሳ አጠገብህ አለ። ሻጩ ራሱ «ድርጅት» ሆኖ የራሱን ሳንቲም የሚያሽግበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንግዲህ በምን ትለያቸዋለህ? እኔ አንድ ነገር ነው የምጠይቀው። ድሮ አባቶቻችን ሲሟገቱ «ዋስ ጥራ!» ይባባሉ ነበር። ሰውየው ቢረታ የሚከፍለው፣ ቢጠፋ የሚያዘው ማን ነው ለማለት ነው። ለፕላስቲኩም ጥያቄህ ይኸው ይሁን። ብሩ ፎርጅድ ሆኖ ቢገኝ ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍለኝ ማን ነው? ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ይህን በጽሑፍ አስቀምጠዋል። የራሱ ገደብና ቅድመ ሁኔታ አለው፣ ቢሆንም ያሸጉት ሳንቲም ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ወይም ከሚገባው በላይ ደረጃ ሰጥተውት ከሆነ ካሳ ይከፍላሉ። ሰው በእነሱ ፕላስቲክ ለታሸገ ሳንቲም ጨምሮ የሚከፍለው ለዚህ ዋስትና ነው። ያንተው ድርጅት ገጽ ላይ ስለ ካሳ አንድ መስመር ጽሑፍ አለ? አድራሻ የሌለው ሰው ቢረታስ የት ሄደህ ትይዘዋለህ?

ሁለተኛ፣ ቁጥሯን ፈትሻት። የታወቁት ድርጅቶች ገጻቸው ላይ ቁጥሩን ስታስገባ የሳንቲሙ ዓይነት፣ ዓመቱና ደረጃው ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ፎቶው አብሮ ይመጣል። ቁጥሩ ወጣ ብለህ ደግሞ አትተኛ። ሐሰተኞቹ የእውነተኛ ሳንቲም ቁጥር ገልብጠው ሐሰተኛ ፕላስቲክ ላይ ያትማሉ፣ የፒሲጂኤስንም የኤንጂሲንም ማሸጊያ አስመስለው የሚሠሩ አሉ። ስለዚህ ፎቶውን አምጥተህ ከእጅህ ካለው ጋር ጭረት በጭረት አስተያይ። እያንዳንዱ አሮጌ ብር የራሱ ጠባሳ አለው። ጉንጩ ላይ ያለች ጭረት፣ ጠርዙ ላይ ያለች ጉድፍ ካልገጠመች ሌላ ብር ነው። በቅርብ ዓመታት የወጡ የፒሲጂኤስ ማሸጊያዎች ስልክህን ስታስጠጋ የሚያነበው ቺፕም አላቸው።

ሌላው፣ ያ ድርጅት ደረጃ የሰጠው ሳንቲም ትልልቅ ጨረታ ቤቶች ላይ ቀርቦ ያውቃል ወይ ብለህ ፈልግ። የተሸጠበት ዋጋ እንጂ ሻጭ የጠየቀው ዋጋ አያታልልህ። የትም ጨረታ ላይ ካጣኸው ገበያው ራሱ ለዚያ ፕላስቲክ አንድም ብር አልጨመረለትም ማለት ነው። ኢቤይ እንኳን ደረጃ ተሰጥቶታል ተብሎ በቁጥር እንዲሸጥ የሚፈቅደው የተወሰኑ ድርጅቶች ያሸጉትን ብቻ ነው። ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ሳንቲም ይሸጣል? ዳኛውም ነጋዴውም አንድ ሰው ከሆነ እኔ እዚያ አልቆምም።

ትልልቆቹስ አይሳሳቱም ወይ? ይሳሳታሉ። የአሜሪካ ፌደራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1990 ፒሲጂኤስን «ማስታወቂያህ ላይ ስለ ትክክለኛነትህ አጋነሃል» ብሎ ከሶት ነገሩ በስምምነት አልቋል። ዛሬም ፕላስቲኩን ሰብረው፣ ሳንቲሙን አውጥተው፣ የተሻለ ቁጥር ፍለጋ ደግመው የሚልኩ ነጋዴዎች አሉ፣ አንዳንዴም ያገኛሉ። ያው የሰው ዓይን ነው። 64 እና 65 መካከል መሳሳትና ፲፰፻፹፱ን 1887 ብሎ መጻፍ ግን አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ብሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ኤምኤስ 65 የተባለውም ራሱ አሳስቦኛል። እኛ አገር የምኒልክ ብር ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበት ቤት ጥቂት ነው። ሴቶች አንገታቸው ላይ አስረውታል፣ አንጥረኛ ጆሮ በይዶለታል፣ ኋላ ደግሞ ጆሮው ተነቅሎ ተሞርዷል። በአመድና በሎሚ የተፈተገው ስንቱ ነው! ፎቶህ ላይ የብሩ ጠርዝ፣ ልክ ከንጉሡ ዘውድ በላይ፣ ትንሽ ዝርግ ነገር ይታየኛል። ጆሮ የነበረበት ቦታ ይመስላል። ፎቶ ስለሆነ አልምልም፣ ግን በእጅህ ስትይዘው መጀመሪያ እሱን እይ። የታወቁት ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ሳንቲም እውነተኛ መሆኑን መስክረው «ተጠግኗል» ወይም «ታጥቧል» ብለው ይጽፉበታል እንጂ ንጹሕ ቁጥር አይሰጡትም።

እጅ ያልዞረውን ከተፈተገው የምትለይበት መንገድ ይኸውልህ። ብሩን አንድ አምፖል ሥር ያዘውና ቀስ ብለህ አዙረው። ሳይነካ የቆየ ብር ላይ ብርሃኑ ከመሃል ወደ ዳር ተበትኖ እንደ ጋሪ ጎማ ጨረር አብሮ ይዞራል። የተፈተገው ያብለጨልጫል፣ ግን ብርሃኑ ቆሞ ይቀራል፣ እንደ ማንኪያ ነው። ከዚያ በማጉያ መነጽር ፊቱ ባዶ የሆነበትን ቦታ እየው። ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ጭረቶች ወደ አንድ ወገን ተኝተው ካየህ ጨርቅ አልፎበታል። ጉንጩና የአንበሳው ጋማ ከሌላው ቦታ ቀድመው ስለሚበሉ እነሱንም አትለፋቸው። ይህን ሁሉ በፕላስቲኩ ላይ ሆነህ ማድረግ ትችላለህ።

መመዘን ግን አትችልም። እዚህ ላይ የራሴን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት አንድ የምኒልክ አላድ፣ ግማሽ ብር ማለት ነው፣ በፕላስቲክ ታሽጎ ገዛሁ። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ድርጅት ነበር ያሸገው። ወረቀቱ የሚያምር ነው፣ ወርቃማ ማኅተም ሁሉ አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ለእንግዳ ሳሳይ ከረምኩ። የሆነ ቀን ሌላ አላድ አጠገቡ ሳስቀምጥ የአንበሳው ጥፍሮች ደብዘዝ ብለው ታዩኝ፣ ሳሙና ላይ የተቀረጹ ይመስላሉ። ፕላስቲኩን በጨርቅ ጠቅልዬ ጥጉን በፒንሳ ጨምቄ ሰበርኩት። አላዱን ይዤ ፒያሳ አንድ የማውቀው ወርቅ ቤት ሄድኩ። አላድ 14 ግራም ከምናምን መመዘን አለበት። የወርቅ ቤቱ ሚዛን 11.6 አለ። ልጁ ሚዛኑ ተሳስቶ እንደሆነ ብሎ ሁለቴ አነሣው፣ ያው ነው። ጠርዙን ሳዞር በዙሪያው የምትሄድ ቀጭን መስመር አገኘሁ፣ ሁለት የቅርጽ ግማሾች የተገጣጠሙበት። የተመታ ሳይሆን ቀልጦ የፈሰሰ ነበር። ለድርጅቱ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። መልስ የለም። አራተኛውን ልጽፍ ስገባ ገጹም የለም። ገንዘቡ ተመልሶ ይገኛል፤ ያ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ በእኔ አፍ «እውነተኛ ነው» መባሉ ግን አሁንም ይከነክነኛል።

ለማንኛውም ቁጥሮቹን ያዛቸው። ሙሉው የምኒልክ ብር 28.075 ግራም ነው፣ ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር፣ ብርነቱ ከሺህ 835። መቶ ዓመት የዞረ ብር ከክብደቱ ትንሽ ይጎድላል፣ ያ ያለ ነው። ሁለትና ሦስት ግራም ከጎደለ ግን ወሬው አልቋል።

ስለዚህ ለደላላው እንዲህ በለው፦ ፕላስቲኩ ይሰበር፣ ብሩ ወርቅ ቤት ይመዘን፣ እንደ 1889 ብር ዋጋ እንነጋገር። እውነተኛ ከሆነ የማይታወቅ ፕላስቲክ በመሰበሩ የሚጎድልበት ነገር የለም። ሻጩ «ሲሰበር ዋጋው ይወርዳል» ካለህ ዋጋው ያለው ፕላስቲኩ ላይ ነበር ማለት ነው፣ ተወው። ከተስማማም በቃል አትጨርስ። ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገንዘብህን እንደሚመልስ የሚል አጭር ውል፣ ሦስት ምስክር፣ የመታወቂያው ኮፒ። ሐቀኛ ሻጭ ይህን አይፈራም።

ጥያቄ፦ እናቴ የተወችልኝ ማርትሬዛ አለ። አንድ ሰው ደግሞ «1780፣ ኦሪጅናል» ተብሎ በፕላስቲክ የታሸገ ሌላ ማርትሬዛ በብዙ እጥፍ ሊሸጥልኝ ፈለገ። የእናቴም 1780 ነው የሚለው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ያው ሰውዬ የ1936 ስሙኒም በፕላስቲክ አሽጎ «የጃንሆይ ዘመን ብርቅ» ይላል።
ከካዛንችስ

መልስ፦ እህቴ፣ ማርትሬዛ ሁሉ ማለት ይቻላል 1780 ነው የሚለው። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። ነጋዴው፣ በተለይ በእኛ በኩልና በቀይ ባሕር ዙሪያ፣ ሌላ ዓመት ያለበትን አልቀበልም ስላለ ከዚያ በኋላ ቪየና ይመታ፣ ሚላን ይመታ፣ ሮም ይመታ፣ ለንደን ይመታ፣ ዓመቱ ሳይቀየር ቀጠለ። የእኛ ሰው ጠንቃቃ ነበር፣ ዘውዷና ትከሻዋ ላይ ያሉትን ነጥቦች ቆጥሮ፣ ከሥር ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት አይቶ ነበር የሚቀበለው። እነዚያን አባቶች ደረጃ ሰጪ ብዬ ብጠራቸው ደስ ይለኛል። በዚህ ምክንያት «1780» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ወረቀት ምንም አልነገረሽም። የሚያውቅ ድርጅት በኋላ የተመታ መሆኑን ይጽፋል፣ ከቻለም የትኛው ከተማ እንደተመታ ይለያል። «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል ያለ ምክንያት የጻፈው ግን ለሻጩ እየሠራ ነው።

የስሙኒውም ነገር ያው ነው። የጃንሆይ ሳንቲሞች ለብዙ ዓመታት የተመቱት 1936 የሚለውን ዓመት እንደያዙ ነው፣ ስለዚህ ዓመቱ ብርቅ አያደርጋቸውም። ስሙኒ ላይ የምታዪው ሌላ ነገር ነው፣ ጠርዙን። መጀመሪያ የወጣው የመዳብ ስሙኒ ክብ ነበር። መጠኑ ከብር ከተሠራው ሽልንግ (ሃምሳ ሳንቲም) ጋር ስለሚቀራረብ አንዳንዱ ብር እየቀባ እንደ ሽልንግ ያሳልፈው ጀመር። ከዚያ ጠርዙ እንደ አበባ ተደረገ። አበባማው በየቤቱ ጣሳ ውስጥ አለ። ክቡ ከሆነ ግን ቆም በዪና በደንብ እዪው፣ አበባማውን ሞርዶ ክብ ያደረገም ሊኖር ይችላል።

የእናትሽን ማርትሬዛ ደግሞ አደራ፣ አታጥቢያት።

ጥያቄ፦ ከዘመድ ያገኘሁት የአክሱም ዘመን ሳንቲም አለኝ። ውጭ አገር ልኬ ላሳሽገው? ወይስ በርካሽ የሚሠራ ስሙ ያልታወቀ ድርጅት ልሞክር?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ሁለቱንም አታድርግ። የአክሱም ሳንቲም ቅርስ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ በፖስታም በሻንጣም። ቦሌ ላይ ቢያዝብህ «ደረጃ ላሰጠው ነው» የሚል መልስ አያድንህም።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ኤንጂሲ የጥንት ዘመን ሳንቲሞችን ያሽጋል፣ ደረጃም ይሰጣል፤ እውነተኛ ለመሆናቸው ግን በዚያ በታወቀው ዋስትናው አይገባም። ለ19ኛው መቶ ዘመን ብር ዋስ የሚሆነው ድርጅት ለ1,700 ዓመት ሳንቲም ዋስ መሆን ከባድ ሆኖበት ነው። እሱ ያልደፈረውን አንድ ገጽ ያለው ድርጅት በርካሽ እሠራልሃለሁ ሲል ምኑን ይዞ ነው?

አምስት ኪሎ ቅርብህ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ግባና የአክሱም ሳንቲሞቹ ያሉበት መስታወት ፊት ጊዜ ወስደህ ቁም። ከኢንዱቢስ ጀምሮ ነገሥታቱ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ አስመትተዋል፣ ብርና መዳቡ ላይ በንጉሡ ምስል ዙሪያ ቅንጣት ወርቅ የለበሱም አሉ። ያንተ ላይ እንዲህ ያለ የወርቅ ቅንጣት ካለ በምንም ነገር አትፈግፍገው፣ በጥፍርህ እንኳን። ከዚያ ሳንቲሙን ቤት ትተህ ሁለቱንም ገጽ ያነሣህበትን ፎቶ ይዘህ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሂድ፣ እንዴት እንደሚመዘገብም እዚያው ጠይቃቸው።